ከአነስተኛ ሠሪ የብረት ሃርድቴይል የተራራ ብስክሌት ፍሬም ላሠራ ነው፤ ስዕሉ ላይ ከመፈረሜ በፊት ምን ልይ?

ተራራ_29፦

ሰላም ለሁላችሁም። ብቻውን የሚሠራ አንድ ፍሬም ሠሪ ዘንድ ተራ ይዤ ነበር፤ አሁን ተራዬ ደርሷል። የማሠራው የክሮም ሞሊ ብረት ሃርድቴይል (ሰስፔንሽኑ ከፊት ብቻ የሆነ) ነው፣ 29 ኢንች ጎማ፣ 140 ሚ.ሜ የሚሰምጥ የፊት ፎርክ። ሠሪው ስዕሉን ልኮልኛል። እንደፈረምኩ ቱቦ መቁረጥ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ማስተካከል የለም።

ስዕሉ ላይ ያለው ይህ ነው፦ ሪች (ክራንኩ ከሚዞርበት ከቢቢው መሃል እስከ ሄድ ቱቡ፣ ማለትም እስከ መሪው ቱቦ አናት በአግድም) 460፣ ስታክ (ያው ርቀት በቁም) 635፣ ሄድ አንግል (የመሪው ቱቦ ዝንባሌ) 65 ዲግሪ፣ ሲት አንግል (የኮርቻ ቱቦው ዝንባሌ) 75 ዲግሪ፣ ቼይንስቴይ (ከቢቢው እስከ ኋላ አክስል) 430፣ ቢቢ ድሮፕ (ቢቢው ከአክስሎቹ መስመር ዝቅ ያለበት) 60፣ የኮርቻ ቱቦ ርዝመት 430 ሚ.ሜ። ቁመቴ 178 ሴ.ሜ፣ የእግሬ የውስጥ ርዝመት 84 ሴ.ሜ፣ ክብደቴ ከነዕቃዬ 80 ኪሎ ነው። አሁን የምነዳው ከፊትም ከኋላም ሰስፔንሽን ያለው የፋብሪካ ብስክሌት ሲሆን ሪቹ 460 ነው። ስለተስማማኝ ሠሪውን “ይህንኑ ድገምልኝ” ብዬዋለሁ።

ቁጥሮቹ ልክ ናቸው? ሬይኖልድስ 853 ቱቦ ከተራው ክሮም ሞሊ 4130 ይሻላል ወይ? ብየዳውስ በአርጎን ይሁን በነሐስ? ጎማዬ 2.5 ስፋት አለው፤ 430 ቼይንስቴይ ይበቃዋል? ከእናንተ መካከል ከእንደዚህ ዓይነት ሠሪዎች ፍሬም የምታሠሩ ስላላችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ሳግ_ለኪ፦

ከመፈረምህ በፊት ሠሪውን አንድ ነገር ጠይቀው። ስዕሉ የተሳለው ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነው ወይስ ሰው ተቀምጦበት ሸብረክ ካለ በኋላ? በሁለቱም መንገድ የሚስሉ አሉ፤ የትኛው እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። “ይህንኑ ድገምልኝ” ያልከው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ መልስ ላይ ነው።

አሁን የምትነዳው ብስክሌት ስትቀመጥበት ከፊትም ከኋላም ይወርዳል። ስለዚህ ማዕዘኖቹም ሪቹም ብዙ አይነቃነቁም፤ እንዲያውም የኋላው ሳግ (ስትቀመጥ የሚሰምጠው) በርከት ስለሚል ትንሽ ወደ ኋላ ዘና ይላል። ሃርድቴይል ግን የሚወርደው ከፊት ብቻ ነው። ፍሬሙ በሙሉ የኋላውን አክስል ማዕከል አድርጎ ወደ ፊት ያዘነብላል።

ያንተን ቁጥሮች ይዘን እናስላው። 140 ሚ.ሜ ፎርክ በ25 በመቶ ሳግ 35 ሚ.ሜ ይሰምጣል። ፎርኩ ያዘመመ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ታች የሚወርደው 32 ሚ.ሜ ገደማ ነው። በዚህ ስዕል ከአክስል እስከ አክስል ያለው ርቀት ወደ 1200 ሚ.ሜ ይመጣል። 32 ሚ.ሜ በ1200 ላይ ሲወርድ ፍሬሙ 1.5 ዲግሪ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ስዕሉ ፎርኩ ተዘርግቶ የተሳለ ከሆነ፣ ስትቀመጥበት ሄድ አንግሉ 66.5፣ ሲት አንግሉ 76.5 ይሆናል። ሪቹ 17 ሚ.ሜ ጨምሮ 477 ይደርሳል፣ ስታኩ 12 ሚ.ሜ ቀንሶ 623 ይሆናል፣ ቢቢው ደግሞ ወደ መሬት 11 ሚ.ሜ ይጠጋል። ወረቀቱ ላይ ያው 460 ነው፤ ሰውነትህ የሚያገኘው ግን አንድ ሳይዝ የሚበልጥና መሪው ዝቅ ያለ ብስክሌት ነው።

መልሱ “ተዘርግቶ ነው” ከሆነ ሪቹ ወደ 445 ይውረድ፣ ስታኩ ወደ 645 ይውጣ። መልሱ “ሳግ ላይ ነው” ከሆነ 460ን አትንካው።

ሄድ አንግሉን እኔ ብሆን 64.5 አደርገዋለሁ። ፎርኩ እስከ መጨረሻው ሲመታ ያዘነበለው 6 ዲግሪ ስለሚደርስ፣ 65 ብለህ የጀመርከው ቁልቁለቱ ላይ፣ በጣም በምትፈልገው ሰዓት፣ 71 ሆኖ ይገኛል። ሲት አንግሉ ጥሩ ነው። ቢቢ ድሮፕ 60 ከ2.5 ጎማ ጋር ቢቢውን 31 ሴ.ሜ ገደማ ከፍታ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ስትቀመጥ 30 ይሆናል። የምትነዳበት መንገድ ድንጋይ የበዛበት ከሆነ ቢቢውን ከማንሳት ይልቅ የ165 ሚ.ሜ ክራንክ ግጠምበት፤ ፔዳሉ ከድንጋይ ይርቃል፣ ብስክሌቱም ኩርባ ላይ መረጋጋቱን አያጣም።

ሌላው፣ የፎርክህን ትክክለኛ ሞዴል ለሠሪው ስጠው። “140 ነው” ማለት አይበቃም። ለ29 ጎማ የሚሠሩ 140 ፎርኮች ከአክስል እስከ ክራውን (የፎርኩ ትከሻ) ያላቸው ርዝመት ከ540 እስከ 550 ሚ.ሜ ይለያያል፤ የ10 ሚ.ሜ ልዩነት ደግሞ ማዕዘኑን ወደ ግማሽ ዲግሪ ይቀይረዋል። ኦፍሴቱንም (አክስሉ ከመሪው መስመር ስንት ወደ ፊት እንደወጣ) ጻፍለት።

ያሁኑን ብስክሌት ሪች ከድረ ገጽ አትውሰድ፤ ራስህ ለካው። የኋላውን ጎማ ከግድግዳ አስጠግተህ ተቀመጥበት። ሌላ ሰው ከግድግዳው እስከ ቢቢው መሃል፣ ከዚያም ከግድግዳው እስከ ሄድ ቱብ አናት መሃል በአግድም ይለካ። የሁለቱ ልዩነት በሳግ ላይ ያለህ ሪች ነው። ለሠሪው የምትልከው ይህን ቁጥር ይሁን።

ነሐስና_አርጎን፦

ስለ ቱቦው ልመልስ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው የሚያፈስሰው እዚህ ላይ ነው።

853ም ሆነ 4130 ብረት ናቸው። ግትርነታቸው አንድ ነው። 853 የሚበልጠው በጥንካሬ ነው፤ ማለትም ከመጠምዘዙ ወይም ከመሰንጠቁ በፊት የሚሸከመው ጫና ይበልጣል፣ ከተበየደ በኋላም በአየር ሲቀዘቅዝ በብየዳው አካባቢ ጥንካሬውን አያጣም። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ሠሪው ግድግዳውን አሳስቶ ክብደት ሲቀንስበት ብቻ ነው። ውፍረቱ እኩል ከሆነ ኮርቻው ላይ ተቀምጠህ የምትለየው ነገር የለም። የሳሳ ቱቦ ደግሞ ድንጋይ ሲያገኘው ቶሎ ይጎደጉዳል።

ስሜቱን የሚወስነው የቱቦው ስፋት ነው። ስስ ግድግዳ ያለው ቱቦ ግትርነቱ በስፋቱ ኪዩብ ያድጋል። ዳውን ቱቡን (ከሄድ ቱቡ ወደ ቢቢው የሚወርደውን ቱቦ) ከ35 ወደ 38.1 ሚ.ሜ ብታሰፋው በዚያው ውፍረት ግትርነቱ ወደ 30 በመቶ ሲጨምር ክብደቱ የሚጨምረው 9 በመቶ ብቻ ነው። ለ80 ኪሎና ለ140 ፎርክ የዳውን ቱቡ ግድግዳ ውፍረት 0.9/0.6/0.9 ሚ.ሜ ሆኖ ስፋቱ 35 ወይም 38.1 ቢሆን ይስማማኛል። 0.8/0.5/0.8ን ለቀላል የረጅም ርቀት ብስክሌት ተወው።

እነዚያ ሦስት ቁጥሮች ጫፍ፣ መሃል፣ ጫፍ ማለት ናቸው። ጫፉ የወፈረው ብየዳው የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ ነው። ሠሪው ቱቦውን ልክ ለማስገባት ከሄድ ቱብ በኩል ብዙ ከቆረጠ ወፍራሙ ክፍል ያልቅና ሙቀቱ የሳሳው ላይ ያርፋል። ፍሬም ሲሰነጠቅ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ዳውን ቱቡ ሥር፣ ከሄድ ቱቡ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ኋላ ነው። ስለዚህ “ከሄድ ቱቡ በኩል ስንት ሚ.ሜ ወፍራም ክፍል ይቀራል?” ብለህ ጠይቀው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ሳይጨነቅ ይነግርሃል።

እዚያው ቦታ ላይ ማጠናከሪያ ጋሴት የሚጨምር ከሆነ ጫፉ ሾጣጣ ወይም ክፍት ይሁን። በቱቦው አግድም ብየዳ አቋርጦ የሚጨርስ ጋሴት ችግሩን አያጠፋውም፤ ስንጥቁን ከሄድ ቱቡ አንሥቶ ጋሴቱ ያለቀበት ቦታ ያዛውረዋል።

አርጎን ወይስ ነሐስ? ሁለቱም ይሆናል። የነሐስ ዘንግ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ የቱቦው ብረት ከ1400 በላይ ነው። ስለዚህ በነሐስ ሲሠራ ቱቦው ራሱ አይቀልጥም፣ ሙቀቱ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ይቆያል። በአርጎን ቱቦው ይቀልጣል፣ ሙቀቱም ጠባብ ቦታ ላይ ይወሰናል። ነሐሱ ከተበየደ በኋላ ፍለክሱን (ለብየዳው የሚቀባውን ኬሚካል) በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ማስለቀቅ፣ ከዚያም በሞረድ ለሰዓታት ማለስለስ አለበት፤ ዋጋው የሚወደደው በዚህ ነው። ፍለክሱ በደንብ ካልጸዳ ቀለሙ ሥር ይቀርና በኋላ ቀለሙን ያስነሣዋል።

ከሁለቱም በላይ ወሳኙ ቱቦው ከመበየዱ በፊት አፉ እንዴት እንደተቆረጠ ነው። ሁለት ቱቦ ገጥመህ ወደ ብርሃን ስታነሣው በመካከላቸው ብርሃን ማለፍ የለበትም። ክፍተቱን በብየዳ የሚሞላ ሠሪ በየመገጣጠሚያው ብረቱን እየጎተተ ፍሬሙን ያጣምመዋል። ሠሪዎች በሥራ ላይ ፎቶ ሲለጥፉ የተበየደውን ብቻ ሳይሆን ያልተበየደውን፣ ገና በጂግ (ቱቦዎቹን ልክ አድርጎ በሚይዘው ማሰሪያ) ላይ ያለውን መገጣጠሚያ አጉልተህ እይ።

ሰፊ_ጎማ፦

የኋላውን ልንገርህ። 2.5 ጎማ በ30 ሚ.ሜ ሪም ላይ ሲነፋ 63 ሚ.ሜ ገደማ ይሆናል፤ በየጎኑ ቢያንስ 6 ሚ.ሜ ክፍተት ጨምርበት። 430 ላይ ይህ ይገባል፣ ግን ጎማው፣ ቼይንስቴዩና የፊቱ ጥርስ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይሻማሉ። ሠሪው የሚወጣበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ከቢቢው አጠገብ ቱቦውን በወፍራም ብረት ዮክ መተካት ነው፤ ቦታ ይሰጣል፣ ንጹሕ ሥራ ነው። ሌላው ቱቦውን ጨፍልቆ ማስጎድጎድ ነው፤ ብዙ ከተጨፈለቀ ይዳከማል። ቼይንላይኑ (የፊቱ ጥርስ ከፍሬሙ መሃል ያለው ርቀት) 55 ሚ.ሜ እንደሚሆንና ከ32 ጥርስ በላይ እንደማታስገባ ንገረው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ይቀለዋል። 435 ቢሆን ደግሞ ምንም አትጎዳም፤ ዳገት ላይ የፊት ጎማው አይነሣብህም።

ድሮፕአውቱ (የኋላው አክስል የሚገባበት የፍሬሙ ጫፍ) ዩዲኤች የሚቀበል ይሁን። ዕቃ አምራቹ ስራም በ2019 ያወጣው ይህ የካምቢዮ ማንጠልጠያ የትም ይገኛል። ትንሽ ሠሪ ራሱ ቀርጾ የሠራውን ማንጠልጠያ ከሰበርክ ግን እሱ ሌላ እስኪልክልህ ብስክሌቱ ይቆማል። በ2023 የወጣው ትራንስሚሽን የተባለው የስራም ካምቢዮም ዩዲኤች በማይቀበል ፍሬም ላይ አይገጠምም። ማንጠልጠያው ሲገጠም ቡሎኑ በተቃራኒ ጥርስ እንደሚጠብቅ አትርሳ፤ መጠኑ 25 ኒውተን ሜትር ነው። እንደ ተራ ቡሎን እያሰብክ “ልፈታው” ስትል ይበልጥ ታጠብቀዋለህ።

ቢቢው ቢኤስኤ 73 (በጥርስ የሚታሰር ልክ) ይሁን፣ ሄድ ቱቡ 44፣ የኋላው አክስል 12 በ148። ለዓመታት ዕቃ የማታጣላቸው ልኮች ናቸው።

ድሮፐሩን (እየነዳህ ከፍና ዝቅ የምታደርገውን የኮርቻ ምሰሶ) እናስላ። ለ84 ሴ.ሜ እግር የኮርቻ ከፍታ ከቢቢው መሃል 74 ሴ.ሜ አካባቢ ነው። ከ430 ቱቦ በላይ 31 ሴ.ሜ ይቀርሃል። የ200 ሚ.ሜ ድሮፐር አንገቱንና ኮርቻውን ጨምሮ 29 ያህል ይወስዳል፤ ይገባል፣ ግን ከ25 ሴ.ሜ በላይ ወደ ቱቦው መውረድ አለበት። ስለዚህ ሠሪው የኮርቻ ቱቦውን ከቢቢው በላይ እንዳያጎብጠው፣ የጠርሙስ ቡሎኖቹም ወደ ውስጥ ገብተው ድሮፐሩን እንዳይነኩ አረጋግጥ። የምትገጥመውን ድሮፐር ሞዴል ከፎርኩ ጋር አብረህ ጻፍለት።

ሁለተኛ_ባለቤት፦

ቁጥሩን ሌሎች ጨርሰውታል። እኔ የምጨምረው ስለ ሠሪው ነው።

“አነስተኛ ሠሪ” የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። ራሱ ቆርጦ ራሱ የሚበይድ አለ፤ እንግሊዝ ውስጥ በነሐስ ብየዳው የሚታወቀው ከርቲስ እንደዚህ ነው። ዲዛይኑን ራሱ አውጥቶ ብየዳውን ለሌላ ፋብሪካ የሚሰጥም አለ፤ ኮቲክ ለረጅም ጊዜ ታይዋን ያሠራ ነበር። ሁለተኛው አያንስም። ተዘጋጅቶ የተሞከረ ሳይዝ ይሰጥሃል፣ ወረፋውም ያጥራል። ያንተ የመጀመሪያው ስለሆነ ግን ዕቃው ከአንድ ሰው እጅ ነው የሚወጣው፣ የሚጠገነውም በዚያው እጅ ነው።

ሰዎች ለእንደነዚህ ሠሪዎች ታማኝ ሆነው የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው ሲጀመርም እንዲሁ ነበር። አሜሪካዊው ጆ ብሪዝ በ1977 ለተራራ ተብሎ የታሰበውን የመጀመሪያ ፍሬሙን ሲሠራ፣ የተቀሩትን የወሰዱት ካሊፎርኒያ ውስጥ በማሪን ካውንቲ ቁልቁለት አብረውት ይወርዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ብስክሌቱ የቱ ጋ እንደሚሰበር ገዢውም ሠሪውም በአንድ መንገድ ላይ ያዩታል። ያ ዝምድና ዛሬም ትልቁ ጥቅም ነው።

በተግባር ሲታይ ይህ ማለት ቢቢው ሥር የሚመታው የፍሬሙ መለያ ቁጥር ነው። ሠሪው በዚያ ቁጥር ስዕሉን፣ የቱቦ ዓይነቱንና የተቆረጠበትን ልክ መዝግቦ ካስቀመጠ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የላይኛው ቱቦ ቢጎደጉድ ያንኑ ቆርጦ ይተካዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ እንዳለው ጠይቅ። ዋስትናው ለሁለተኛ ገዢ ይተላለፍ እንደሆነ፣ ወድቀህ ብታጣምመው በምን ያህል እንደሚጠግነው፣ የኃላፊነት ኢንሹራንስ እንዳለውም ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ያዝ።

የአይኤስኦ 4210 (የዓለም አቀፉ የብስክሌት ደህንነት ደረጃ) ፈተናም አለ። የተራራ ፍሬም በፔዳል በኩል በ1200 ኒውተን 100,000 ጊዜ ይረገጣል፤ 22.5 ኪሎ ክብደትም ከላይ ይለቀቅበታል። የተፈተነ ፍሬም አይነዳምና ያንተ ራሱ አይፈተንም። ጥያቄው “በዚህ ቱቦና በዚህ አሠራር የተሠራ ናሙና አስፈትነሃል ወይ?” ነው።

ተራራ_29፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠሪውን ጠየቅኩት፤ ስዕሉ ፎርኩ ተዘርግቶ የተሳለ ነው። ግድግዳው ላይ ስለካ ያሁኑ ብስክሌቴ በሳግ ላይ 463 ሆነ። ስለዚህ ሪች 446፣ ስታክ 645፣ ሄድ አንግል 64.5፣ ቼይንስቴይ 435 ተባብለናል። ዳውን ቱቡ 38.1 በ0.9/0.6/0.9 የሆነ 4130፣ ብየዳው በአርጎን።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ ፍሬሙ ሲመጣ ዕቃ ከመግጠሜ በፊት ምን ልፈትሽ? ዝገቱንስ?

ነሐስና_አርጎን፦

ሪቹን በደንብ አስተካክለኸዋል።

ሲመጣ መጀመሪያ ክር ያዝ። ከአንዱ ድሮፕአውት ጀምረህ በሄድ ቱቡ አዙረህ ወደ ሌላው ድሮፕአውት በደንብ ወጥረህ እሰረው። ከዚያ በኮርቻ ቱቦው ግራና ቀኝ ከክሩ እስከ ቱቦው ያለውን ክፍተት በካሊፐር ለካ። ልዩነቱ ከ1 ሚ.ሜ ካልበለጠ እሰየው። ከ2 ሚ.ሜ ካለፈ ምንም ሳትገጥም ፎቶ አንሥተህ ለሠሪው ላክ፤ ዕቃ ከገጠምክበት በኋላ ክርክሩ ይከብዳል።

ቀጥሎ ቀለም የገባባቸውን ቦታዎች እይ። ፓውደር ኮቲንግ ቢቢው ጥርስ ውስጥ ከገባ ኩሽኔቱን በግድ አታስገባ፤ ጥርሱ በማስኪዮ ይጠረግ። የሰንሰለቱ በኩል ያለው የቢኤስኤ ጥርስ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ነው። የሄድ ቱቡ አፎችና የፍሬን መያዣው ባዶ ብረት እስኪታይ ተስተካክለው መላጨት አለባቸው፤ አለበለዚያ ሄድሴቱ (የመሪው ኩሽኔት) ዘሞ ይገባል፣ የፍሬኑ ካሊፐርም ዲስኩን ይነካል። የኮርቻ ቱቦው ሲበየድ ትንሽ ስለሚጠብ መላግ አለበት፤ ድሮፐሩ በእጅ ሳይታገል መውረድ አለበት። እነዚህን ሁሉ ሠሪው ሠርቶ ቢልክልህ ይሻላል፣ ቀድመህ ንገረው።

ብየዳውን በእጅ ባትሪ ብርሃን ከጎን እያበራህ ተመልከት። የሚያስፈራው የሞገዱ ውበት መጉደል አይደለም። በብየዳው ጠርዝ ቱቦው ላይ እንደ ጥፍር ጭረት የተቦረቦረ መስመር ካለ እሱ ነው፤ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል።

ዝገት ከውስጥ ነው የሚበላው። በብየዳ ጊዜ ጋዝ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በየቱቦው አሉ፤ ውኃም በእነሱ ይገባል። ሰም ያለበት የፍሬም ዘይት በየቀዳዳው ርጨህ ፍሬሙን በሁሉም አቅጣጫ አገላብጠው፣ ከዚያ ቢቢውን ወደ ታች አድርገህ ሌሊቱን አሳድረው። ቢቢው ሥር የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ከሌለ ሠሪው ቀለም ከመቀባቱ በፊት 5 ሚ.ሜ ያህል በትራፓኖ ይብሳው። ይህን ሁሉ ዲስክና ካሊፐር ከመግጠምህ በፊት ጨርስ፤ ያ ዘይት ከሲትስቴዩ (ከኮርቻ ቱቦው ወደ ኋላ አክስል ከሚወርደው ቱቦ) ቀዳዳ ለቀናት ጠብ ይላል፣ የሚወርደውም ልክ ዲስኩ ላይ ነው። ዘይት የነካውን የፍሬን ሸራ ደግሞ መጣል እንጂ ማጽዳት አይሆንም።